ትራፊክ ፖሊሱ ቢነሳ መንገዱ ይከፈታል ወይ? ከከተማዋ ዳርቻ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ፣ የአዲስ አበባን የትራፊክ መጨናነቅ ፖሊስ አይፈታውም፣ እንዲያውም ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ራሱ ፖሊሱ ስለሆነ ከየአደባባዩና ከየመጋጠሚያው ይነሳ የሚል ነው። ጽሑፉ ብዙ አንባቢ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሐፊው የጻፉት ሁላችንም በየቀኑ የምንቀምሰውን ምሬት ነው፤ ቋንቋቸውም የጠራ ነው። ይሁንና ምክራቸው የተቀዳው ከመሀል ከተማ ነው። ከቃሊቲ ወዲህ፣ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በቂሊንጦ የምንኖር ሰዎች በየቀኑ የምናየው መንገድ እርሳቸው ከሚገልጹት የተለየ ነው። ምክራቸው እዚህ ተግባራዊ ቢሆን ጠዋት ሥራ ለመድረስ፣ ማታ ቤት ለመግባት የምናጠፋው ሰዓት ይጨምራል ብዬ ስለማምን ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ፖሊስ በቆመበት ቦታ ሁሉ ሰልፉ ይረዝማል፣ ፖሊስ በሌለበት ግን አሽከርካሪዎች ተሳስበውና ተነጋግረው ይተላለፋሉ ይላሉ። ቀጥለውም የሠለጠኑ ከተሞች ይህን ሥራ ለመብራትና ለካሜራ ትተውታል፣ ፖሊሱም ወንጀል ወደ መከላከል ተመልሷል ይላሉ፤ ለዚህም የትራፊክ ፖሊሶቿን ያሰናበተችውን ጆርጂያን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው፣ ፖሊሱ መንገድ ላይ የሚውለው ለመቅጣት ስለሆነ መኪና እያስቆመ መንገዱን ራሱ ይዘጋል የሚል ነው። በአራተኛ ደረጃ ችግሩ የመንገድ እጥረት ነውና ለፖሊስ የሚወጣው ገንዘብና የሰው ኃይል ለመንገድ ግንባታ ይዋል ይላሉ። በአምስተኛ ደረጃ ደግሞ የከተማዋ ዳርቻ በሁለት አስተዳደሮች መካከል ስለሚገኝ ፖሊሶቹ ሊቀናጁ አይችሉም፣ ስለዚህ የዳርቻው መጋጠሚያ ለተራ አስከባሪዎችና ለአካባቢው ወጣቶች ቢተው ይሻላል ይላሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ፖሊስ በቆመበት ቦታ ብዙ ጊዜ ረጅም ሰልፍ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው የትኛው ነው? ፖሊስ የሚመደበው መጨናነቅ ወደበረታበት ቦታ ነው፤ ባዶ መንገድ ላይ ሰው የሚያቆም የፖሊስ አለቃ የለም። ፖሊስ ያለበትን አደባባይ ፖሊስ ከሌለበት ከሌላ አደባባይ ጋር አነጻጽሮ ጥፋቱን በፖሊሱ ላይ መጫን ውጤቱን እንደ መንስኤ መቁጠር ይሆናል። ትክክለኛው ንጽጽር ያንኑ አደባባይ፣ በዚያው የጭንቅ ሰዓት፣ ፖሊስ ሲኖርና ሳይኖር ማየት ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ምሽት ላይ፣ ፖሊሱ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ፣ የመኪናው ብዛት ገና ሳይቀንስ፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ዳር መቆም ይበቃል።

ቱሉ ዲምቱ ከቃሊቲ የሚመጣው ሰፊ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻና ከኮዬ ፈጬ በኩል የሚመጣው መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጠዋት ከኮንዶሚኒየሞቹ ወደ መሀል ከተማ የሚጎርፉት ሚኒባሶች፣ ሀይገሮችና የከተማ አውቶቡሶች፣ በተቃራኒው ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካዎችና ወደ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱት ሰርቪሶች፣ እንዲሁም ከጅቡቲ ዕቃ ጭነው የሚገቡት ተሳቢዎች እዚሁ ይገጣጠማሉ። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ መሆኑን ያስታወሰ ሰው በዚህ በኩል የሚገባው ከባድ መኪና ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያቅተውም።

በአደባባይ ሕግ ቅድሚያ ያለው ቀድሞ ወደ ውስጥ የገባው ተሽከርካሪ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ሕግ የመኪናው ብዛት መካከለኛ በሆነበት ሰዓት ያለ ማንም ረዳት በደንብ ይሠራል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን አንዱ አቅጣጫ አደባባዩን ጨርሶ ስለሚይዘው የሌላው አቅጣጫ ተራ አይደርስም፤ ተራ ያልደረሰው አሽከርካሪም የመኪናውን አፍንጫ እያስገባ ይጋፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የመውጫው ጉዳይ ነው። አደባባይ የሚቆለፈው ከመግቢያው ይልቅ በመውጫው ነው። ከአደባባዩ ወጣ እንዳሉ ባለው የመጀመሪያው ምቹ ቦታ ላይ ሚኒባስ ይቆማል፤ ረዳቱ ተሳፋሪ ይጠራል፤ ከጎኑ ሌላው ደርቦ ይቆማል። አንድ የመኪና መስመር ሳይቋረጥ ሲንቀሳቀስ በየ2 ሰከንዱ አንድ ያህል ተሽከርካሪ ያሳልፋል። እንግዲህ አንድ ሚኒባስ መስመር ይዞ ለ30 ሰከንድ ቢቆም 15 የሚሆኑ መኪኖች ከኋላው አደባባዩ ውስጥ ይቀራሉ። በዚያ መውጫ ለመውጣት የፈለጉት ብቻ ቢቆሙ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር፤ በሌሎቹ መውጫዎች የሚወጡትም፣ ከፊታቸው ያለው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በእነዚህ ይታገታሉ።

አሽከርካሪዎች ተሳስበው ይተላለፋሉ የሚለው የጸሐፊው እምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱ አሽከርካሪ ለሌላው አስቦ ክፍተት ቢተው፣ ክፍተቱን የሚይዘው የተተወለት ሰው ሳይሆን ከጎን የተወረወረ ሦስተኛ መኪና ነው። ያ ጨዋ አሽከርካሪ በሚቀጥለው ቀን ክፍተት አይተውም፤ ጨዋነቱ ማንንም እንዳልጠቀመ አይቷልና። ይህን ሊያስተካክል የሚችለው በሁሉም ላይ እኩል ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ከመውጫው አለፍ ብሎ ቆሞ ሚኒባሱን ወደ ፊት የሚያስነሳ አንድ ፖሊስ፣ አደባባዩ መሀል ሆኖ እጁን ከሚያወናጭፈው ባልደረባው የበለጠ መንገዱን ሲከፍት ደጋግሜ አይቻለሁ። ፖሊሱ ሲሄድ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሚኒባሶች መውጫው ላይ ይደራረባሉ፣ ተሳቢው መሀል ላይ ተጋድሞ ይቀራል፣ ተሳፋሪውም ከመኪና ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ይጨርሳል። የከፈለውን ሂሳብ የሚመልስለት ረዳት የለም።

ምሳሌው የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስል የከተማዋን ምሥራቃዊ ዳርቻም እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከመገናኛ እስከ አያት ያለውን መንገድ ለሁለት ከፍሎታል። መኪና ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው ቦታዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ ወይም ወደ ጣፎ የሚሄደው ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ቦታዎች ላይ ይከማቻል። ለመዞር የሚጠብቀው መኪና ከመስመሩ ተርፎ ቀጥታ የሚሄደውን ሲዘጋ፣ ቀጥታ የሚሄደውም መዞሪያውን ሲዘጋ፣ ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ ሳይሆን መንገዱ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ቦታ ‹እናንተ ቁሙ፣ እናንተ እለፉ› የሚል ሰው መንገዱን ዘጋ ሊባል አይችልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ነገር መናገር ይገባኛል። ፖሊሶች አንዱን አቅጣጫ ከልክ በላይ የሚያቆሙበት ጊዜ አለ። በሰዓት 600 መኪና የሚመጣበትን አንድ መስመር ለ5 ደቂቃ ብናቆመው 50 መኪና ይሰለፋል፤ ለእያንዳንዱ መኪና ከነክፍተቱ 7 ሜትር ብንሰጥ የሰልፉ ርዝመት 350 ሜትር ይደርሳል። በኮንዶሚኒየም መንደሮች መጋጠሚያዎቹ ተቀራርበው ስለሚገኙ እንዲህ ያለ ሰልፍ የኋለኛውን መጋጠሚያ ሊዘጋው ይችላል። የመብራት አንድ ሙሉ ዙር በአብዛኛው ከ2 ደቂቃ እንዳያልፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ፖሊሱ አንዱን አቅጣጫ ረዘም አድርጎ የሚለቀው ተራ በተቀየረ ቁጥር መኪናው ተነስቶ እስኪንቀሳቀስ የሚባክነውን ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የሚቆጥበው ጥቂት ሰከንድ ሲሆን የሚያስከፍለው የኋለኛውን መጋጠሚያ ነው፤ ከቆመበት ቦታ ሆኖ ደግሞ ያንን ማየት አይችልም። የሰልፉ ጭራ የት እንደደረሰ ከኋላ ያለው ባልደረባው በሬዲዮ ቢነግረውና አንድን አቅጣጫ ቢበዛ ለስንት ደቂቃ ማቆም እንደሚችል በሥልጠና ቢወሰንለት፣ ጸሐፊው ከሚያማርሩበት ነገር አብዛኛው ይቃለል ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ሠለጠኑ ከተሞች የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ውስጥ በፓርላማው ሕንፃ አጠገብ የተተከለው የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት በጋዝ የሚበራ ሲሆን ምልክቱን በእጁ የሚቀያይረው ፖሊስ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን ጎድቶታል። መብራት ሲፈጠር የፖሊስ መሣሪያ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ዛሬም በጃፓን የትራፊክ መብራቶችን የሚያስተዳድረው የየአካባቢው ፖሊስ ነው፤ የቶኪዮ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከልም የከተማዋ ፖሊስ መምሪያ አካል ነው። የህንዷ ቤንጋሉሩም የትራፊክ ማዕከሏን የምታንቀሳቅሰው በትራፊክ ፖሊሷ አማካይነት ነው። በእነዚህ ከተሞች የፖሊሱ ሥራ ከፀሐይና ከጭስ ወጥቶ በከፊል ወደ ስክሪን ፊት ተዛውሯል እንጂ ፖሊስ ከትራፊክ ሥራ አልተነሳም።

ጆርጂያን በተመለከተ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በጉቦ ስማቸው የጠፋውን የትራፊክ ፖሊሶቿን በጅምላ ማሰናበቷ እውነት ነው። ጸሐፊው ያልጠቀሱት ቀጥሎ የሆነውን ነው። ጆርጂያ በምትካቸው አዲስ የፓትሮል ፖሊስ መልምላ፣ አሠልጥናና የተሻለ ደመወዝ ከፍላ መንገድ ላይ አሰማርታለች። ይህ ታሪክ ፖሊስን ስለ መለወጥ የሚነገር ትልቅ ምሳሌ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ፤ መንገድን ያለ ፖሊስ ለመተው ግን ማስረጃ አይሆንም።

መብራት ይተከል የሚለውን ምኞት እኔም እጋራለሁ፤ ሆኖም መብራት ምን ማየት እንደማይችል ማወቅ ያስፈልጋል። በተወሰነ ሰዓት እየተቀያየረ የሚሠራ መብራት፣ ከመጋጠሚያው ማዶ ያለው መንገድ ሞልቶ ቢሆንም አረንጓዴ ይበራል፤ አሽከርካሪውም አረንጓዴውን አይቶ ይገባና መሀል ላይ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ደግሞ መጋጠሚያው ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚህም በላይ የዳርቻው መንገድ ገና አላለቀም። ሁለት መስመር የነበረው መንገድ ለውሃ ወይም ለፍሳሽ ቧንቧ ተቆፍሮ አንድ መስመር ይሆናል፤ ተለዋጭ መንገድ በአንድ ሌሊት ይከፈታል፣ በሌላው ይዘጋል። ለትናንቱ መንገድ የተሰላ የመብራት ሰዓት ለዛሬው አይሆንም። በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ መብራት በደንብ በሚሠራበት ቦታ ማስተላለፉን ለመብራቱ መተው ይገባል። የፖሊስ የእጅ ምልክት ከመብራት እንደሚበልጥ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ የተማረው ነው፤ ይህ ማለት ግን መብራቱ በደንብ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ፖሊሱ መብራቱን እየሻረ በእጁ ያስተላልፍ ማለት አይደለም። ናይሮቢን የመሳሰሉ ከተሞች ነዋሪዎች በዚህ አሠራር ሲማረሩ ኖረዋል። መብራት ባለበት ፖሊሱ መብራቱን ለመብራቱ ትቶ የመጋጠሚያው መሀል እንዳይሞላ ቢጠብቅ ይሻላል።

ብዙ ሰው ጽሑፉን የተቀባበለው በሦስተኛው ነጥብ ምክንያት ይመስለኛል። ፖሊሱ መኪና እያስቆመ መንገድ ይዘጋል ሲሉ ጸሐፊው ሐሰት አልተናገሩም። በሥራ መግቢያ ሰዓት አንድን ሚኒባስ የቀኙን መስመር እንደያዘ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ መቀበል፣ ከዚያም ሾፌሩ ወርዶ ተለማምጦ እስኪጨርስ ድረስ መኪናውን እዚያው ማቆየት፣ ሚኒባሶቹ መውጫው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በፖሊስ እጅ መድገም ነው። ስለ ጉቦ የሚሰማው ቅሬታም ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ የማሳለጥና የመቅጣት ሥራ በሰዓትና በቦታ ይለይ የሚል መሆን ነበረበት። በጭንቅ ሰዓት መጋጠሚያ ላይ የተመደበ ፖሊስ ጥፋተኛውን ሰሌዳውን መዝግቦ ያሳልፈው፤ ክሱ በኋላ ይድረሰው። ቅጣት በቴሌብርና በባንክ ሊከፈል በሚችልበት ዘመን በመንገድ ዳር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ማስቆም ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ፍሬኑ ያጠራጠረ ሲኖትራክ ወይም የጠጣ አሽከርካሪ ተመዝግቦ የሚታለፍ አይደለም፤ እርሱም ቢሆን ከመጋጠሚያው አልፎ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ቢቆም ማንንም አያግትም። የፖሊሱ ሥራ የሚለካው በቅጣት ብዛት ከሆነ ሰልፉ ቢረዝም አይጎዳውም፤ በሰልፉ ርዝመት ቢለካ ግን ራሱ ሚኒባሱን ቶሎ ለማሳለፍ ይቸኩላል። ጸሐፊው ይህንን ቢጠይቁ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። ፖሊሱን ማንሳት ቅጣቱን እንደማያነሳም መዘንጋት የለበትም፤ የከተማዋ የትራፊክ ማኔጅመንት ተቆጣጣሪዎችም ይቀጣሉና። የመቅጣት ሥልጣን ጨርሶ ቢጠፋ ደግሞ ረዳቱ ‹ሳበው!› ሲባል የሚሰማበት ምክንያት አይኖረውም። ፖሊስ ዓይኑን ጣል ሲያደርግበት ብቻ ሚኒባሱ የሚነሳው ከዚያ ዓይን በስተጀርባ ሕግ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ብዙ ሺህ ቤተሰብ የሚኖርበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር በጥቂት መውጫዎች ብቻ ወደ ዋናው መንገድ እንዲወጣ መደረጉ የመጨናነቁ ትልቅ ምክንያት ነው፤ ይህንን ማንም ፖሊስ አይፈታውም። ይሁንና የጥቂት ፖሊሶች ደመወዝ መንገድ አይሠራም፤ መንገድም ነገ ጠዋት አይደርስልንም። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው መንገድ ሰፍቶ ተሠርቷል፤ ያ ሁሉ ስፋት ግን አደባባዩ ጋ ሲደርስ ሚኒባስ የቆመበትን ያንኑ መውጫ ነው የሚያገኘው። መንገድ በሰፋ ቁጥር መጋጠሚያው ላይ በአንድ ጊዜ የሚደርሰው መኪና ስለሚጨምር፣ የተሠራው መንገድ ጥቅም እንዲሰጥ መጋጠሚያውን የሚጠብቅ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

አምስተኛው ነጥብ ለዳርቻ ነዋሪ ከሁሉም ይበልጣል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ዋና መንገድ፣ በአየር ጤናም ይሁን በአስኮ፣ በጣፎም ይሁን በእኛ በኩል፣ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ይሻገራል። የሰልፉ ራስ በአንዱ ግዛት፣ ጭራው በሌላው ይውላል። አንደኛው ወገን መኪናውን ሲለቅ ሌላው ሊያቆመው ይችላል። ቅንጅቱ ደካማ ነው ያሉትን አልቃወምም፤ የምቃወመው ከዚህ ተነስተው የደረሱበትን ነው።

በሁለቱም ወገን የሚሠራበት የትራፊክ ሕግ አንድ ነው። ለዓመታት ሲያገለግል የኖረው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የወጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን ተፈጻሚነቱ አገር አቀፍ ነበር። አንድ ዓይነት ሕግ የሚያስከብሩ ሁለት ፖሊሶችን ማገናኘት፣ ምንም የሕግ ሥልጣን የሌለውን ሰው በሁለቱም ፈንታ ከማቆም ይቀላል። ሁለቱ ወገኖች በጠዋትና በማታ የጭንቅ ሰዓት በአንድ የሬዲዮ መስመር ቢነጋገሩ፣ ለአንድ መንገድም ለእነዚያ ሰዓቶች አንድ ኃላፊ ቢሰየም፣ አዲስ ተቋም ወይም አዲስ ሕግ አያስፈልግም። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በከተማዋ ውስጥ የጭነት መኪኖች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ አለ። በዚህ ምክንያት ተሳቢዎቹ ከከተማው በር ውጭ መንገድ ዳር ተደርድረው ይጠብቁና ሰዓቱ ሲደርስ በአንድ ላይ ይነሳሉ። ገደቡ መሀል ከተማውን ሲያቃልል የዳርቻውን አደባባይ በአንዴ ያጥለቀልቀዋል። በውጭ በኩል ያለው ፖሊስ ከውስጥ ካለው ጋር ተነጋግሮ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ቢለቃቸው ያ ሰዓት እንደማንኛውም ሰዓት ያልፍ ነበር። ይህን ተራ አስከባሪ ሊያደርገው አይችልም፤ ተሳቢ የማስቆም ሥልጣን የለውም።

ተራ አስከባሪዎችን ዝቅ አድርጌ አላይም። የሠልፉን ሥርዓት የሚጠብቁልን፣ አቅመ ደካማውን አስቀድመው የሚያሳፍሩልን እነርሱ ናቸው። ግን ገቢያቸው የሚመጣው ከሚሞላው ሚኒባስ ስለሆነ፣ ጥቅማቸው ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ተሳፋሪው ባለበት እንዲቆም ነው፤ ተሳፋሪው ያለው ደግሞ መውጫው አፍ ላይ ነው። መጋጠሚያውን ለእነርሱ መተው መንገዱን በሚዘጋው ነገር ለሚኖር ሰው መንገድ እንዲከፍት መንገር ነው። ወጣቶቹንም በተመለከተ፣ ዝናብ ጥሎ ሁሉም ነገር ሲቆለፍ ከመኪና ወርደው ጫማቸው በጭቃ እየተለወሰ መኪና የሚያስተላልፉ ልጆችን አመሰግናለሁ፤ በአንዳንድ ምሽት ወደ ቤታችን የገባነው በእነርሱ ነው። ነገር ግን የእነርሱን የእጅ ምልክት አምኖ የገባ መኪና ሰው ቢገጭ በሕግ ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? አሽከርካሪው ‹እለፍ ተባልኩ› ቢል የሚያድነው የለም፤ ልጁም ሥልጣን ሳይኖረው መኪና አስተላልፏል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። በበጎ ፈቃድ የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም ሊጫንበት አይገባም። ከፖሊስ ጋር ሆነው፣ በፖሊስ ኃላፊነት ሥር ቢያግዙ ግን ለሁላችንም በጎ ነው።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ መኪና ሲናገር እግረኛውን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳውም። አብዛኛው የዚህች ከተማ ነዋሪ የግል መኪና የለውም፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በዳርቻው ይህ ይከፋል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዜብራው ደብዝዟል ወይም የለም፣ ተሳቢውም ከፍጥነት መንገድ የወጣበትን ፍጥነት ገና አላበረደም። በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አካባቢ ይህን መንገድ ከሚያቋርጡት መካከል በሽተኛ ደግፈው የሚሄዱ አሉ። መኪናዎች ቆመው እግረኛ ሲያልፍ ከሾፌሩ መቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው ‹ፖሊሱ መንገድ ዘጋ› ይመስላል፤ የጸሐፊው ቅሬታ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለመኪናው እንኳ ቢታሰብ ግን፣ ፖሊሱ እግረኞችን አሰባስቦ በአንድ ጊዜ ሲያሻግራቸው መኪናው የሚቆመው አንድ ጊዜ ነው፤ ፖሊስ በሌለበት እግረኛው አንድ በአንድ፣ ሁለት በሁለት እየሮጠ ስለሚገባ መኪናው በየሜትሩ ፍሬን ይይዛል። ትምህርት ቤት በሚገባበትና በሚለቀቅበት ሰዓት ደግሞ ከሚያቋርጡት መካከል ከሲኖትራክ ጎማ የማይበልጡ ሕፃናት አሉ። ጸሐፊው ፖሊሱ ይነሳ ሲሉ፣ በዚያ ሰዓት ሲኖትራኩን የሚያስቆምላቸው ማን እንደሆነ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በግልጽ እንዲነግሩን እጠይቃቸዋለሁ።